ሜይደን ካስል፣ ኤቭበሪ፣ አፊንግተን ወይስ ዴንበሪ? ከለንደን ለአንድ ቀን የትኛው ይሻላል

አምና አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሦስት ወር ቆየች። ቢግ ቤንን አየች፣ ቤተ መንግሥቱን አየች፣ ገበያውንም ጠገበችው። አንድ ቅዳሜ "ዛሬ ደግሞ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተሠራ ምሽግ ላሳይሽ" ብዬ ወደ ዶርሴት ይዣት ወጣሁ። ሦስት ሰዓት ነዳሁ። ደረስን። ከመኪናው ወርዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኮረብታውን ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሣር ነው።"

እውነቷን ነው። ሣር ነው። ግንብ የለም፣ ጣራ የለም፣ በር የለም። ጉድባ አለ፣ የአፈር ካብ አለ፣ በግ አለ። በደቡብ እንግሊዝ የጠመኔ ኮረብቶች ላይ ያሉት ጥንታዊ የአፈር ሥራዎች ሲታዩ ይኸው ናቸው። እኔ እወዳቸዋለሁ። ግን ሰው ይዤ ሄጄ ከአንድም ሁለት ጊዜ አፍሬያለሁ። ጥፋቱ የቦታው አልነበረም። ላልሆነ ሰው ያልሆነ ቦታ መርጬ ነው። እነዚህ ቦታዎች በዝና አይመረጡም። መኪና አላችሁ ወይ? አብሯችሁ የሚሄደው ማነው? ጉልበቱስ እንዴት ነው? ምርጫውን የሚወስነው ይሄ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የሄድኩባቸውን አራቱን ላነጻጽርላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ሌሎች እጨምራለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ መሬቱ

ጠመኔ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ሰሌዳና የአስተማሪ ጣት ነው። እዚህ ግን ጠመኔ አገር ነው። ከዶርሴት እስከ ኬንት ብዙው ኮረብታ ከሥሩ ነጭ ነው። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ይሄ ሁሉ ባሕር ነበር። በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት ወለሉ ላይ ሲነባበር፣ ሲነባበር ድንጋይ ሆነ። በላዩ ያለው አፈር ስስ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ስንዝር አይሞላም። የጥንቱ ሰው በአጋዘን ቀንድ መቆፈር እንደ ጀመረ ነጩ ላይ ይደርስ ነበር።

ይህን ይዛችሁ ሂዱ፦ ዛሬ አረንጓዴ ሆኖ የምታዩት ካብ አዲስ በነበረበት ጊዜ ነጭ ነበር። ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ነጭ። እዚያ ቆማችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዴ ነጭ ቀቡት። ቦታው ወዲያው ሌላ ይሆናል። ለአክስቴ ይሄን ቀድሜ ብነግራት ኖሮ "ሣር ነው" ባላለችኝ።

ሣሩም ቢሆን ተራ ሣር አይደለም። በግ ለዘመናት ሲግጠው የኖረ፣ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። አፈሩ ድሃ ስለሆነ አንዱ ዕፅ ጎልብቶ ሌላውን መዋጥ አይችልም። በዚህ የተነሳ አንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 40 የሚደርስ የዕፅ ዓይነት ሊገኝ ይችላል። በሰኔና በሐምሌ ተንበርክካችሁ ካያችሁት ከጣት ጥፍር የማይበልጡ አበቦችና ትናንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ታገኛላችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ አብዛኛው እንዲህ ያለ መስክ ታርሷል። የተረፈው በብዛት ማረሻ ያልደፈረው ነው፤ ገደሉና ምሽጉ። ካቡ ሣሩን አተረፈ፣ ሣሩም ካቡን ከዝናብ አተረፈ።

ሜይደን ካስል፦ ጉልበትና ትዕግሥት ላለው

በአፈር ሥራነቱ ብቻ ከሆነ ይሄን የሚያህል የለም። የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ 50 የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል ይላል። የውስጡ ሜዳ ብቻ 19 ሄክታር ገደማ ነው። መጀመሪያ የተመሸገው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 አካባቢ ሲሆን፣ በ450 ገደማ ወደ ሦስት እጥፍ ሰፋ። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ከዚያ ሁሉ ሦስት ሺህ ዓመት ቀድሞ፣ እዚያው ኮረብታ ላይ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ጉድባ ቆፍረው ነበር።

ካቡ አንድ አይደለም። አንዱን በስንት ማለክለክ ወጥታችሁ "ደረስኩ" ስትሉ ሌላ ጉድባ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ከመኪና ማቆሚያው የሚያስገባው የምዕራቡ መግቢያ ደግሞ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። አስበውበት ነው። ጠላት በቀጥታ ሮጦ እንዳይገባ፣ በዞረ ቁጥር ጎኑን ለወንጭፍ እንዲያጋልጥ።

ወንጭፉ ግምት አይደለም። ሞርቲመር ዊለር የተባለው አርኪዮሎጂስት ከ1934 እስከ 1937 ሲቆፍር ከ20,000 በላይ ድንጋይ አንድ ላይ ተከማችቶ አገኘ። ባሕር ያለሰለሳቸው ክብ ድንጋዮች ናቸው። ከቼዚል ባሕር ዳርቻ ተለቅመው ነው የመጡት። ይሄን ለአክስቴ የነገርኳት ስንመለስ፣ መግቢያው ላይ ደርሰን ነው። ቆም አለች። "ወንጭፍ ነው ያልከኝ?" ልጅ ሆና ማሽላ ማሳ ውስጥ ማማ ላይ ቆማ ወፍ ጠብቃለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችው። ጫፉን ጣቷ ላይ ጠመጠመች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዙራ ለቀቀችው። ድንጋይ አልነበረበትም፤ ግን ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ሁለት የፈረንጅ ጎረምሶች ከነውሻቸው ቆመው አዩን። "ይሄን ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?" አለችኝ። መኪናው ውስጥ እስክንገባ ድረስ ካቡን ዞር እያለች ታየው ነበር፤ ከየትኛው ጥግ ማን እንደሚመታ እየቆጠረች።

ዊለር ሌላም ነገር አገኘ። በምሥራቁ በር በኩል የተቀበሩ፣ ብዙዎቹ ቁስል ያለባቸው ሰዎች። እሱ የተረከው ታሪክ ይህ ነው፦ በ43 ዓ.ም. ሮማውያን ሲገቡ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ቬስፓስያን ምሽጉን ሰበረ፣ የሞቱትም በጥድፊያ ተቀበሩ። ጥሩ ታሪክ ነው። ለብዙ ዓመታትም ሲነገር ኖሯል። ግን በ2025 የቦርንመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንቶቹን ዕድሜ በሚለካው የሬዲዮካርበን ዘዴ መርምረው ሟቾቹ በአንድ ቀን እንዳልሞቱ አሳዩ። ግድያው ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት ውስጥ ተበታትኖ የተፈጸመ ነው። ማለትም ብዙው የእርስ በርስ ነው። አከርካሪው ላይ ብረት የተሰካበትን አፅም ማየት ከፈለጋችሁ ዶርቼስተር ከተማ ዶርሴት ሙዚየም አለ። እኔ እንደምመክረው ሙዚየሙን አስቀድሙት። ኮረብታው ከዚያ በኋላ ይናገራል።

ጉዳቱ ምንድነው? ርቀቱ። ከለንደን በባቡር ከዋተርሉ እስከ ዶርቼስተር ሳውዝ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር። መግቢያውም መኪና ማቆሚያውም ነፃ ነው፤ ሆኖም ካፌ የለም፣ ጥላ የለም፣ ነፋሱ ጨካኝ ነው። ዙሪያውን መዞር ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጋሪ የሚገፋ ሕፃን ያለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ጉልበት የሚያመው ሰውም እንደዚሁ። እና የጾም ቀን ከሆነ ምሳ ቋጥሩ። እኛ የሰኔ ጾም ላይ ስለነበርን ከተማ ገብተን ያገኘነው ድንች ጥብስ ብቻ ነው።

ኤቭበሪ፦ መኪና ለሌለው፣ የተደባለቀ ቡድን ለያዘ

አያትም፣ ሕፃንም፣ "እኔ ታሪክ አልወድም" የሚል ጓደኛም ከያዛችሁ ወደ ኤቭበሪ ሂዱ። ከፓዲንግተን ስዊንደን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከስዊንደን ወደ ዲቫይዝስ የሚሄደው 49 ቁጥር አውቶቡስ መንደሩ ውስጥ ያወርዳችኋል። በተለይ እሑድ ሰዓቱን ሳታዩ አትነሱ። እኔ አንዴ የመልሱ አውቶቡስ አምልጦኝ ፌርማታው ላይ ቁጭ ብዬ የቋጠርኩትን ዳቦ ቆሎ ጨርሻለሁ።

ኤቭበሪ ምሽግ አይደለም። ለጦርነት የተሠራ ቢሆን ጉድባው ከካቡ ውጭ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ጉድባው ውስጥ ነው፣ ካቡ ውጭ። የሥርዓት ቦታ ነበር ማለት ነው፤ ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሆነ ግን የጻፈልን የለም። ወደ 11 ሄክታር ተኩል ያቅፋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2850 እና በ2200 መካከል ነው የተሠራው። ጉድባው ሲቆፈር 9 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው። ብረት አልነበረም፤ በአጋዘን ቀንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙው ተሞልቷል። ያም ሆኖ ካቡ ላይ ቆማችሁ ከታች የሚግጠውን በግ ስታዩት ድመት ያክላል።

ውስጥ ውስጡን ድንጋዮች ቆመዋል። በዓለም ትልቁ የድንጋይ ክብ ይሄ ነው። ከስቶንሄንጅ የሚለየው ድንጋዮቹን መንካት፣ መደገፍ፣ ሥራቸው ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣት መቻሉ ነው። ገመድ የለም። እንዲያውም መንደሩ ራሱ ክቡ ውስጥ ገብቶ ተሠርቷል፤ አስፋልቱ መሐሉን ሰንጥቆ ያልፋል፣ መጠጥ ቤትም አለ። ከመኪና ተጠንቀቁ፤ ሰው ድንጋይ እያየ መንገድ ይሻገራል።

ብዙ ድንጋይ ጠፍቷል። በመካከለኛው ዘመን የአካባቢው ሰው እየገፋ ቀበራቸው። በኋላም በእሳት አግሎ፣ ውኃ እያፈሰሰ፣ ሰንጥቆ ቤት ሠራባቸው። በ1930ዎቹ ከማርማላታ ንግድ የተረፈ ሀብት የነበረው አሌክሳንደር ኬይለር የተቀበሩትን እያወጣ አቆማቸው። በ1938 ከአንዱ ሥር የሰው አፅም አገኘ፤ መቀስና የአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳንቲሞች አብረውት ነበሩ። እስካሁን "ፀጉር አስተካካዩ" እየተባለ ይጠራል።

ኤቭበሪን ከሌሎቹ የሚያስበልጠው ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። ከመንደሩ በእግር ጥቂት ወጣ ስትሉ ሲልበሪ ሂል የተባለው ሰው ሠራሽ ኮረብታ አለ። ከግማሽ ሚሊዮን ቶን ያላነሰ ጠመኔ ተሸክመው ነው የከመሩት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 አካባቢ። ለምን? ብዙ ሰው ቆፍሮበታል፤ መቃብር አልተገኘበትም። በ1776 ከላይ ወደ ታች የተቆፈረው ጉድጓድ በ2000 ተደርምሶ አናቱ ላይ ቀዳዳ ከፈተ፤ ኋላ መልሰው ሞሉት። መውጣት ክልክል ነው። ከታች ማየት ብቻ።

ከዋናው መንገድ ማዶ፣ በእርሻ መካከል በሚያልፍ ቀጭን መንገድ ዳገቱን ስትወጡ ዌስት ኬኔት የሚባለው ረጅም መቃብር ይገኛል። ርዝመቱ 100 ሜትር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3650 አካባቢ ተሠራ። ቢያንስ የ36 ሰዎች አፅም ተገኝቶበታል። ውስጡ ይገባል፤ ያውም በነፃ። ከእነዚህ ሁሉ ቦታዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን የመቃብር በር እመርጣለሁ። ትልልቆቹን የበር ድንጋዮች ዞራችሁ ስታልፉ የውጭው ነፋስ ድንገት ይቆማል። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ የድንጋይና የአፈር ሽታ። ግራ ሁለት፣ ቀኝ ሁለት፣ ፊት ለፊት አንድ ክፍል። አጎንብሳችሁ ስትገቡ በሹክሹክታ ማውራት ትጀምራላችሁ፤ ማንም ዝም በሉ ሳይላችሁ።

ክቡን ማየት ነፃ ነው። ሙዚየሙና የናሽናል ትረስት (የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ነው) መኪና ማቆሚያ ያስከፍላሉ፤ ለአባላት ግን ነፃ ናቸው። ካፌም ሽንት ቤትም አለ፤ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

አፊንግተን፦ እናትና አክስት ለያዘ

ከሜይደን ካስል ውርደት በኋላ አክስቴን ለማካካስ የወሰድኳት ወደዚህ ነው። ካሰብኩት በላይ ተሳካልኝ።

ኮረብታው ጎን ላይ 110 ሜትር የሚረዝም ነጭ ፈረስ ተስሏል። ስዕል ስል በቀለም አይደለም። ሣሩን ገፈው፣ ቦይ ቆፍረው፣ ጠመኔ ጠቅጥቀው ነው። በ1990ዎቹ አፈሩ ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያየበትን ጊዜ ለክተው ዕድሜውን ወደ ሦስት ሺህ ዓመት አደረሱት። ደንበኛ ፈረስ አትጠብቁ። አንድ ረጅም የጀርባ መስመር፣ ከገላው የተለያዩ እግሮች፣ እንደ ወፍ ምንቃር ያለ አፍ። ማንም ካልጠገነው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሣር ይውጠዋል። ስለዚህ አገሬው ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ ሲያጸዳው ኖሯል ማለት ነው። ዛሬም የናሽናል ትረስት በጎ ፈቃደኞች ተንበርክከው አዲስ ጠመኔ በመዶሻ ይጠቀጥቁበታል።

አሁን ደግሞ ወደ ታች ተመልከቱ። ከፈረሱ ሥር አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ኮረብታ አለ። ስሙ የዘንዶው ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ ሣር የማይበቅልበት ነጭ ገላጣ አለ። የአካባቢው አፈ ታሪክ "ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን የገደለው እዚህ ነው፤ ደሙ የፈሰሰበት ቦታ ሣር አያበቅልም" ይላል።

ይሄን ስነግራት አክስቴ ዝም አለች። ፈረሱን አየች። ነጭ ነው። ኮረብታውን አየች። "በል ደግፈኝ" አለች። ወጣን። ገላጣው ላይ ስትደርስ አማተበች፣ ጎንበስ ብላ ሳመችው። ቀና ስትል ከንፈሯ ላይ ጠመኔ ነበር። "የቤሩቷ ልጅ የታለች?" ስትለኝ፣ ሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ ዛፍ ላይ ሆና የምናያትን ልጅ ማለቷ ነው፤ በእንግሊዞቹ ተረት ውስጥ እዚህ ስሟ አይነሳም አልኳት። "እነሱማ ምን ያውቃሉ" ብላ ዘጋችው።

ለእውነቱ፣ ፈረሱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፤ ተረቱ ኋላ የመጣ ነው። እንዲያውም ስዕሉ ፈረስ ሳይሆን ዘንዶው ነው የሚሉም አሉ። ለአክስቴ ይህን አልነገርኳትም። እንግሊዞች በዓሉን የሚያከብሩት በኤፕሪል 23 ነው። እኛ ደግሞ ሚያዝያ 23። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ዘመን አቆጣጠሩ ነው በስምንት ቀን የሚለያየን።

ከፈረሱ በላይ የአፊንግተን ምሽግ አለ፤ አንድ ካብና አንድ ጉድባ። ከሜይደን ካስል ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ግን ዙሪያውን መዞር አያደክምም፣ ዕይታው ደግሞ ሰማይ ጠቀስ ነው። ኮረብታው 261 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከኦክስፎርድሻየር የሚበልጠው የለም። ከታች ያለው ገደላማ ሸለቆ "ግርግም" ይባላል፤ ፈረሱ ማታ ማታ ወርዶ የሚበላበት ነው አሉ።

ከዚህ በጥንታዊው የሪጅዌይ መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ በዛፎች የተከበበ ሌላ ረጅም መቃብር ታገኛላችሁ፤ ዌይላንድስ ስሚዚ ይባላል። የማይታይ ቀጥቃጭ አለበት፤ ፈረስህን አስረህ ሳንቲም ትተህ ብትሄድ ስትመለስ ተጫምቶ ታገኘዋለህ ይላሉ። ቀጥቃጭና ረቂቅ ኃይል እኛም አገር አብረው የሚነሱ ነገሮች ስለሆኑ አክስቴ ይሄንኛውን ቦታ አልወደደችውም። ከሩቅ አየችው፤ በቃ።

የአፊንግተን ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያለ መኪና አስቸጋሪ ነው። ከለንደን ወደ ሁለት ሰዓት ትነዳላችሁ፤ መኪና ማቆሚያው ይከፈልበታል። ሁለተኛ፣ አጠገቡ ስትቆሙ ፈረሱ አይታይም። እግር ታያላችሁ፣ ጆሮ ታያላችሁ። ሙሉውን ማየት የምትፈልጉ ከታች ከሸለቆው መንገድ ቆም ብላችሁ እዩት። ድሮን አምጥቼ አነሳዋለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ በናሽናል ትረስት መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው።

ዴንበሪ፦ ትንንሽ ልጆች ላሉት

ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሃምፕሻየር ውስጥ ስቶክብሪጅ አጠገብ ነው። ወደ አምስት ሄክታር ብቻ ነው፤ ልጆች ካቡን ዞረው ሳይሰለቹ ያልቃል። ዛፍ አለው፤ በበጋ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ነፃ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ባሪ ከንሊፍ ከ1969 እስከ 1988 ለሃያ ዓመት በየዓመቱ እየተመለሰ ቆፍሮበት ከግማሽ በላይ ውስጡን አጥንቷል። በዚህ ምክንያት በእንግሊዝ ካሉት ምሽጎች ውስጥ ስለ ኑሮው ብዙ የሚታወቀው የዚህ ነው። በር ላይ ጦርነት ነበር፣ ቃጠሎ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ጉድጓዱ ነው።

ከ2,000 በላይ ጉድጓድ ተገኝቷል፤ ብዙው እህል የሚቀመጥበት። ጠመኔው ውስጥ ይቆፍሩና፣ እህሉን ሞልተው አፉን በጭቃ ይደፍኑታል። ዳር ዳር ያለው እህል ማቆጥቆጥ ሲጀምር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ አየሩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። ነቀዙም ይሞታል፣ የቀረው እህልም ይተኛል። እስከሚከፈት ድረስ። ፎቶውን ለአንድ የሐረርጌ ልጅ ጓደኛዬ ልኬለት ነበር። ወዲያው ደወለ። "ይሄማ የአያቴ ማሽላ ጉድጓድ ነው! ስትከፍተው ቶሎ አትግባ፤ ያፍናል" አለኝ። አስረዳሁት፣ ባዶ ነው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሆኖታል ብዬ። "ቢሆንም" አለ።

ግን አትሳሳቱ፦ ጉድጓዶቹ ተመልሰው ተሞልተዋል። ሄዳችሁ የምታዩት ካብ፣ ሣርና ዛፍ ነው። ታሪኩን ሳያነቡ ለሚሄዱ ዴንበሪ ከአራቱ ደካማው ነው።

ስቶንሄንጅስ?

መጠየቃችሁ አይቀርም። ለፎቶ ከሆነ ሂዱ። ውድ ነው፣ ቀድሞ ቲኬት መያዝ ይሻላል፣ በመደበኛ ጉብኝት ድንጋዮቹን አትነኩም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የስቶንሄንጅ መጀመሪያ አፈር መሆኑን ነው። ክቡ ጉድባ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3000 አካባቢ ተቆፈረ፤ ትልልቆቹ ድንጋዮች የመጡት ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ቆይተው ነው። ጎብኚው ጉድባውን ተራምዶ ያልፋል፣ ድንጋይ ለማንሳት።

ብራይተን ወይም ዎርዚንግ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ይሄን ሁሉ መንገድ አትልፉ፤ ሲስበሪ ሪንግ አጠገባችሁ ነው። ትልቅ የኮረብታ ምሽግ፣ ባሕሩ ከፊቱ ተዘርግቶ። በምዕራብ በኩል መሬቱ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ታዩታላችሁ። ምሽጉ ከመሠራቱ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ሰዎች ባልጩት ያወጡባቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ከ200 በላይ። ሰው ለመጥረቢያ ድንጋይ ብሎ እዚያ ጨለማ ውስጥ በቀንድ ሲቆፍር ኖሯል።

መቼ፣ በምን ጫማ

የእኩለ ቀን ፀሐይ እነዚህን ቦታዎች ይገድላቸዋል። ጥላ ስለሌለ ካቡና ጉድባው አንድ አረንጓዴ ይሆናል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ሂዱ፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ይጥላል፣ ያላያችሁት መስመር ሁሉ ብቅ ይላል። በክረምት ይሄ ቀኑን ሙሉ ነው፤ ሆኖም በዲሴምበር በእኛ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ለአበባና ለቢራቢሮ ከሆነ ሰኔና ሐምሌ።

ጫማ። ጠመኔ ሲረጥብ ሳሙና ነው። እኔ በከተማ ስኒከር ሄጄ ከሜይደን ካስል ካብ በቂጤ ወርጃለሁ፤ ሱሪዬ ላይ የቀረው ነጭ ሁለት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀም። ሶሉ የሚነክስ ጫማ አድርጉ። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ካልሲው ውስጥ ክተቱት፤ በግ ባለበት መዥገር አለ፣ ቤት ስትገቡ ገላችሁን ፈትሹ። ውሻ ካላችሁ እሰሩት፤ በግ አለ፣ በፀደይም ወፎች ጎጇቸውን መሬት ላይ ነው የሚሠሩት። ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ መሄድ ያስከስሳል። እና ካብ ላይ የታጠረ ቦታ ካገኛችሁ አትዝለሉት፤ ሰው የረገጠው ሣር እንዲያገግም ነው።

እንግዲህ

መኪና የለም? ኤቭበሪ፣ ሌላ አትጠይቁ። መኪና አለ፣ አብራችሁ ያለችው እናት ወይም አክስት ናት? አፊንግተን። ልጆቹ ከአሥር ዓመት በታች ናቸው? ዴንበሪ፣ ግን በመኪና ውስጥ የጉድጓዱን ነገር ንገሯቸው። ብቻችሁን ናችሁ፣ ወይም እንደናንተ መራመድ የሚወድ ጓደኛ አለ? ሜይደን ካስል፣ ሙዚየሙን አስቀድማችሁ። ጠዋት ከተነሳችሁና መኪና ካላችሁ አፊንግተንና ኤቭበሪን በአንድ ቀን ማጣመር ይቻላል፤ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። እኔ ጠዋት ፈረሱን፣ ከሰዓት በኋላ ዌስት ኬኔትን አደርጋለሁ።

አክስቴ ዘንድሮም ልትመጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውዬ የት እንድወስዳት ጠየቅኳት። "ፈረሱ ጋ" አለች፤ "ግን በሃያ ሦስት ይሁን።" ካሌንደር አየሁ፤ ሰኔ 23 የሥራ ቀን ነው። ፈቃድ ሞልቻለሁ።